በረዶ ላይ የቆመው ነጭ ጋል የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ ሃምበር ቤይ፣ በረዶ ላይ ከቆሙ ብዙ ጋሎች (የባሕርና የሐይቅ ዳር ወፎች) መካከል አንዱ ነጭ በነጭ ነበር። የክንፉ ጫፍ እንደሌሎቹ ጥቁር አይደለም። አጠገቡ ከነበሩት ሄሪንግ ጋሎች ትንሽ ይገዝፋል። መንቁሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው፤ ፎቶውን ሳጎላው ከጥቁሩም ጫፍ ላይ ፈዛዛ ነጥብ አለች። ዐይኑ ፈካ ያለ፣ እግሩ ሮዝ ነው። ስልኬ ላይ ያለው የወፍ መለያ «አይቮሪ ጋል» አለኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ «አልቢኖ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ስልኩም ጓደኛዎም ስተዋል። የገለጹልን ወፍ ግላውከስ ጋል ነው። ዕድሜው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይሆናል፤ ከተፈለፈለ ወዲህ ሁለተኛውን የበረዶ ወራት እያሳለፈ ነው ማለት ነው። እዚህ ያደረሰን ግን ነጭነቱ አይደለም። አንድ ጋል ነጭ ሆኖ የሚታይበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙን ለጊዜው ትቶ መጀመሪያ መንቁሩን፣ ቀጥሎ የክንፉን ርዝመት፣ ከዚያ ከጅራቱ ሥር ያሉትን ላባዎች ማየት ያዋጣል።

ግላውከስ ጋል በመጀመሪያ ዓመቱ መንቁሩ ከሥሩ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ጥርት ያለ ሮዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ይሆናል። ሮዙና ጥቁሩ የሚለያዩበት መስመር ቀለም ውስጥ ነክረው ያወጡት ይመስል ቁርጥ ያለ ነው። በሁለተኛው ዓመት ይኸው መልክ እንዳለ ሆኖ በጥቁሩ ጫፍ ላይ ፈዛዛ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ እስከዚያ ጥቁር ቡናማ የነበረው ዐይንም እየፈካ ይሄዳል። እርስዎ ሁለቱንም አይተዋል። ዐይኑ ጥቁር፣ የመንቁሩም ጫፍ ሙሉ ጥቁር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ዓመት ወፍ ነው እንል ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጀርባው ላይ ግራጫ ይጀምረዋል። ዐዋቂ ሲሆን ጀርባው በሙሉ ፈዛዛ ግራጫ፣ የክንፉ ጫፍ ንጹሕ ነጭ፣ መንቁሩ ቢጫ ሆኖ ከታች በኩል ቀይ ነጥብ ያለው ይሆናል። እግሩ በየትኛውም ዕድሜ ሮዝ ነው። ብዙ ሰው ነጭ በነጭ የሆነው ወፍ ዐዋቂው ይመስለዋል፤ ከሁሉም ነጥቶ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛ ዓመቱ ወጣት ነው።

ፎቶውን አንዴ ደግመው አጉልተው ከጅራቱ ሥር፣ ሆዱ የሚያልቅበት ቦታ ያሉትን ላባዎች ይዩልን። ግላውከስ ጋል በዚህ ዕድሜው እዚያ ቦታ ላይ ፈዘዝ ያሉ፣ ወተት የበዛበት ቡና ቀለም ያላቸው ቀጫጭን አግድም መስመሮች አሉት። የታጠፈው ክንፍ የላይኛው ክፍል ላይም እንዲሁ ደብዛዛ ዝንጉርጉርነት ይገኛል። የክንፉ ጫፍ ደግሞ ከተቀረው ክንፍ ይበልጥ የነጣ እንጂ የጠቆረ አይሆንም። መስመሮቹ ካልታዩዎት ወፉን ከመጠርጠርዎ በፊት ፎቶውን ይጠርጥሩ፤ ብርሃን ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

አይቮሪ ጋል ያልሆነበት ምክንያት አጭር ነው። የአይቮሪ ጋል እግር በየትኛውም ዕድሜ ጥቁርና አጭር ነው፤ የእርስዎ ወፍ ሮዝ እግር አለው፣ ስለዚህ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቢጨመርበትም አይቮሪ ጋል ከራሱ እስከ ጅራቱ ከ40 እስከ 43 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ በከተማው የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ከሚያዩት ሪንግ ቢልድ ጋል እንኳ ያንሳል እንጂ ከሄሪንግ ጋል አይገዝፍም። ዐይኑ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የወጣቱ ፊት ጥቁር ጭስማ ሆኖ የክንፉና የጅራቱ ላባዎች ጫፍ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ የዐዋቂው መንቁር ግራጫማ ሆኖ ጫፉ ቢጫ ነው። ይህ ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከባሕር በረዶ ብዙ የማይርቅ፣ የዋልታ ድብ ያስተረፈውን ሥጋ ሁሉ የሚለቅም ነው። ካናዳ ውስጥ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ የገባ ሲሆን፣ በታላላቆቹ ሐይቆች መታየቱ ትልቅ ወሬ ነው። የስልክ መለያ እግሩ በረዶ ውስጥ የገባ፣ ዝርዝሩም በብርሃን የጠፋ ነጭ ወፍ ሲሰጡት የሚይዘው ነጭነቱን ብቻ ይሆናል። መለያው የሚሰጠውን ስም እንደ ጥቆማ መቀበል ጥሩ ነው፤ እንደ ፍርድ መቀበል ግን ያሳስታል።

አልቢኖ የሚባለው ወፍ ሜላኒን የሚባለውን የጥቁርና የቡናማ ቀለም ምንጭ ጨርሶ የሌለው ነው። ዐይኑ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል፤ መንቁሩ ላይም ጥቁር ነገር ሊኖር አይችልም። የመንቁሩ ጥቁር ጫፍ ለጓደኛዎ በቂ መልስ ነው። ደግሞም አልቢኖ ወፍ ዕይታው ደካማ ስለሚሆን ዱር ውስጥ ብዙ አይሰነብትም።

በእውነት የሚያሳስተው ሉሲዝም ነው፤ ይኸውም ሜላኒን ላባው ላይ ያነሰበት ወይም የጠፋበት ተራ ሄሪንግ ጋል። እንዲህ ያለው ወፍ ቅርጹና መጠኑ እንደ ዘመዶቹ ነው። መንቁሩም ብዙውን ጊዜ የዕድሜውን ቀለም እንደያዘ ይቀራል፦ ወጣት ከሆነ አብዛኛው ጥቁር ሆኖ ሥሩ ብቻ ደብዘዝ ያለ ሮዝ፣ ያውም ቁርጥ ያለ መስመር የሌለው። ላባው አንዳንዴ ቦታ ቦታ ብቻ የነጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከነጣም ከጅራቱ ሥር ያልናቸው መስመሮች አይኖሩም፣ ባዶ ነጭ ነው። ሌላው ምልክት ጉዳት ነው። ሜላኒን ላባን ያጠነክራል፤ አብዛኞቹ ጋሎች ነፋስና አሸዋ አብዝቶ በሚፈትነው የክንፋቸው ጫፍ ላይ ጥቁር መሆናቸው ይጠቅማቸዋል። ሜላኒን ያጣ ላባ ቶሎ ስለሚያልቅ በጃንዋሪ የክንፉ ጫፍ ተሰነጣጥቆና ተበልቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ጊዜው ኤፕሪል ወይም ሜይ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ እናነሳ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት ሄሪንግ ጋሎች ላባ በፀሐይ ነጥቶ ከሩቅ ነጭ ወፍ ይመስላሉ። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ግን ታጥፎ ተሸፍኖ የኖረው ላባ ጥቁር ቡናማ እንደሆነ ይገኛል።

ጥያቄ፦ አይስላንድ ጋልም ነጭ ክንፍ እንዳለው አነበብኩ። ከግላውከስ ጋል በመጠን ልለየው ብሞክር ፎቶ ላይ ሁሉም እኩል ሆኑብኝ። የሚያስተማምን መለኪያ የለም? (ከሚሲሳጋ)

መልስ፦ ወረቀት ላይ መጠን ቀላል ይመስላል። ግላውከስ ጋል ከ55 እስከ 77 ሳ.ሜ. ይረዝማል፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ አካባቢ ተነስቶ በትልልቆቹ ወንዶች ከ2 ኪሎ ያልፋል። አይስላንድ ጋል ከ50 እስከ 64 ሳ.ሜ. ሲሆን ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም። እንደሚያዩት ርዝመቱ ላይ ይነካካሉ፤ ትንሽ ሴት ግላውከስና ትልቅ ወንድ አይስላንድ ጎን ለጎን ቢቆሙ መጠን ብቻውን አይፈርድም። በብርድ ቀን ደግሞ ወፉ ላባውን ስለሚነፋ ከወትሮው ይገዝፋል፤ ጨለም ካለ ውኃ ፊት የቆመ ነጭ ወፍም ከግራጫው ተልቆ ይታያል።

ፎቶው ላይ እኩል የሆኑብዎ በሌንሱ ምክንያት ነው። ረጅም ሌንስ ርቀትን ያጣብቃል። ከኋላ ያለው ወፍ ርቀቱ የሚቀንስለትን ያህል ትንሽ ሆኖ ስለማይታይ፣ አእምሯችን ከፊተኛው ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ መጠን ማወዳደር የሚቻለው እግራቸው በአንድ መስመር ላይ ከቆመ፣ ካሜራው ከሁለቱም እኩል ከራቀና ሁለቱም ቀጥ ብለው ወይም ሁለቱም ተሸብልለው ከቆሙ ብቻ ነው።

የሚሻለው መለኪያ ወፉ ራሱ ላይ አለ። ክንፉ ሲታጠፍ ጫፉ ከጅራቱ አልፎ ይወጣል፤ የሚያልፈውን ያህል ከመንቁሩ ርዝመት ጋር ያነጻጽሩ። ወፉ ሙሉ በሙሉ በጎኑ የቆመበት ፎቶ ይምረጡ። የወረቀት ጠርዝ ስክሪኑ ላይ አድርገው መንቁሩን ግንባሩ ላይ ላባው ከሚያልቅበት እስከ ጫፉ ይለኩና በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ከጅራቱ ጫፍ ጀምረው ወደ ክንፉ ጫፍ ያስተኙት። ክንፉ ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ካበቃ ወደ ግላውከስ ያደላል። ምልክቱን አልፎ ከሄደ አይስላንድ ነው። የአይስላንድ ጋል የኋላ ክፍል በዚህ ምክንያት ሾል ብሎ የረዘመ ነው፤ የግላውከስ ግን ድፍን ያለ፣ ቶሎ የሚያበቃ ነው።

ይህ መለኪያ ሁለት ቦታ ላይ ይስታል። አንደኛው ወፉ ትንሽም ብትሆን ወደ እርስዎ ወይም ከእርስዎ ሲዞር፣ ወይም ክንፉን ወደ ታች ሲያንጠለጥል ነው፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት አራት ፎቶ ላይ ይለኩ። ሁለተኛው የላባ መቀየሪያ ወቅት ነው። ዐዋቂ ትላልቅ ጋሎች የክንፋቸውን ዋና ላባዎች ከጁን ገደማ ጀምሮ አንድ በአንድ ይቀይራሉ፤ የመጨረሻዎቹ፣ ማለትም ከሁሉም ረጅሞቹ፣ እድገታቸውን የሚጨርሱት ዲሴምበር አካባቢ ወይም ከዚያም ዘግይተው ነው። በኖቬምበር የታየ ዐዋቂ አይስላንድ ጋል ክንፉ ገና ስላልደረሰ ግላውከስ ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያ ዓመት ወፎች እነዚህን ላባዎች እስከሚቀጥለው ሜይ ገደማ ስለማይነኩ በእነሱ ላይ መለኪያው ይታመናል።

ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ ይሂዱ። አይስላንድ ጋል ጭንቅላቱ ክብ፣ መንቁሩ አጭርና ቀጭን፣ ዐይኑ ለፊቱ ትልቅ የሚመስል ስለሆነ ገራም መልክ አለው። ግላውከስ ግንባሩ ዘቅዘቅ ያለ፣ መንቁሩ ረጅምና ወፍራም፣ ዐይኑ ለጭንቅላቱ ያነሰ ስለሆነ ቁጡ ይመስላል። የመንቁሩ ቀለም በመጀመሪያ ዓመት በጣም ይረዳል፦ የአይስላንድ አብዛኛው ጥቁር ነው፣ የበረዶው ወራት እየገፋ ሲሄድም ከሥሩ ቀስ እያለ ይፈዛል እንጂ ቁርጥ ያለ መስመር አይኖረውም። በሁለተኛው ዓመት ግን ሮዝና ጥቁር ሆኖ ከግላውከስ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል መንቁሩን ብቻ ይዘው አይፍረዱ።

ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ የሚያገኙት አይስላንድ ጋል በአብዛኛው በባፊን ደሴትና በሰሜን ኬቤክ የሚራባው፣ ኩምሊየን የሚባለው ወገን ነው። የዐዋቂው የክንፍ ጫፍ ከንጹሕ ነጭ እስከ ጠቆር ያለ ግራጫ ድረስ ይለያያል፤ ሁለት ወፎች እንኳ አይመሳሰሉም ቢባል ማጋነን አይደለም። በግሪንላንድ የሚራባው ወገን የክንፉ ጫፍ ንጹሕ ነጭ ነው፣ ወደዚህ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ጫፉ በጣም የጠቆረው ሦስተኛው ወገን፣ ቴየር፣ እስከ 2017 ድረስ ራሱን የቻለ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት ማኅበር ከአይስላንድ ጋል ጋር አጠቃለለው። የቆየ መጽሐፍ ከያዙ ሁለቱ ተለያይተው የሚያገኟቸው ለዚህ ነው።

መንቁሩ የግላውከስ ሆኖ የክንፉ ጫፍና ጅራቱ ቡናማ ጥላ ካለበት ደግሞ ስም ለመስጠት አይቸኩሉ። ግላውከስና ሄሪንግ ጋል ይዳቀላሉ፤ ዲቃላው የሁለቱን ምልክት ቀላቅሎ ይይዛል። «የግላውከስና የሄሪንግ ዲቃላ ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ እንዲያ ብለው የሚመዘግቧቸው ወፎች አሏቸው።

ጥያቄ፦ በረዶ ላይ ነጭ ወፍ ሳነሳ ወይ ወፉ ጠቁሮ ይወጣል፣ ወይ ምንም ዝርዝር የሌለው ነጭ ነገር ይሆናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ሙሉው ፍሬም በረዶ ሲሆን «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ወፉ ጨለማ ውኃ ፊት ሲሆን ደግሞ «አነሰ» ብሎ ያበራዋል፣ ነጩ ወፍም ይቃጠላል። ስለዚህ በጥቁር ውኃ ፊት ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) ዝቅ ያድርጉ። በረዶ ላይ ባለበት በተቃራኒው እስከ 1 ስቶፕ ድረስ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ለመለየት የሚነሳ ፎቶ ከሆነ በጥንቃቄ ይጨምሩ፣ ምክንያቱም የጠቆረ ፎቶ በኋላ ይፈካል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ካሜራው የተቃጠለውን ነጭ ስክሪኑ ላይ እያብለጨለጨ የሚያሳይበትን ማስጠንቀቂያ ይክፈቱና ወፉ ላይ ምንም ብልጭታ እስከማይኖር ይቀንሱ። በሮው (RAW፣ ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ) ፋይል ያንሱ። ለቆመ ወፍ ከሰከንድ 1/1000ኛ፣ ለሚበር 1/2000ኛ ፍጥነት ይበቃል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ወፉን ነክተው ጣትዎን ወደ ታች ይጎትቱ።

ደመናማ ቀን ለዚህ ሥራ ከፀሐያማው ይሻላል፤ ፈዛዛ ግራጫና ነጭ የሚለዩት ያኔ ነው። ሁለተኛ ባትሪ በውስጥ ኪስ ይያዙ፣ ብርድ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል። ከሞቀ መኪና ሆነው በመስኮት አያንሱ፤ የሚወጣው ሙቅ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል። ሞተሩንም ማሞቂያውንም አጥፍተው ትንሽ ይታገሱ፣ ወይም ወርደው ይቁሙ። በቴሌስኮፕ የሚያዩም ከሆነ ውኃው ከአየሩ ሲሞቅ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲህ ባለ ቀን ከ40 እጥፍ በላይ ማጉላት ትርፍ የለውም።

ፎቶው በጎኑ ከተነሳ በኋላ አይሂዱ። ጋል ከታጠበ በኋላ ላባውን ያስተካክላል፣ ከዚያ አንድ ክንፉን ከእግሩ ጋር ወደ ኋላ ይዘረጋል። የክንፉን ጫፍ ላባ በላባ የሚያዩበት ጊዜ ያቺ ሁለት ሦስት ሰከንድ ናት፤ ጣትዎ ቁልፉ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ መቼና የት ብሄድ ነጭ ክንፍ ያላቸውን ጋሎች የማየት ዕድሌ ይሰፋል? ዳቦ ብበትንስ ይቀርቡኛል?

መልስ፦ ከዲሴምበር እስከ ማርች። ኦንታሪዮ ሐይቅ እስከ 244 ሜትር ስለሚጠልቅ ሙሉ በሙሉ በረዶ የሚሆነው እምብዛም ነው፤ ጋሎቹም በዚያ ምክንያት ይከርማሉ። ትናንሽ ወሽመጦች በረዶ ሲሆኑ ግን ወፎቹ ክፍት ውኃ ወዳለበት ይሰበሰባሉ፦ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት፣ ሞቅ ያለ ውኃ የሚፈስበት። ቶሮንቶ ውስጥ ከሃምበር ቤይ ሌላ ኮሎኔል ሳሙኤል ስሚዝ ፓርክንና ቶሚ ቶምፕሰን ፓርክን ይሞክሩ። ቀኑን በየቆሻሻ መጣያውና በየከተማው የዋሉት ጋሎች ለአዳር ወደ ሐይቁ የሚመለሱት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ስለሆነ ጠዋት ባዶ የነበረ ዳርቻ ማታ ይሞላል።

መኪና ካለዎት ግን ለኖቬምበር መጨረሻና ለዲሴምበር ናያጋራ ወንዝን የሚስተካከል የለም። በሰር አዳም ቤክ የኃይል ማመንጫ ሥር፣ ውኃው ከተርባይኑ ተገላብጦ በሚወጣበት ቦታ፣ የደነዘዙ ትናንሽ ዓሦች ወደ ላይ ስለሚመጡ ጋሎች በሺህ ይሰበሰባሉ። ከላይ ቆመው ወደ ታች ስለሚያዩ የበረራ ላይ ክንፍ ከጀርባው በኩል ይታይዎታል፤ ይህን ዓይነት እይታ ሐይቅ ዳር አያገኙትም። ወንዙ በ1996 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው የወፎች ቦታ ተብሎ ተሰይሟል።

ዳቦውን ይተዉት። የቶሮንቶ ከተማ ደንብ የዱር እንስሳትን መመገብ ይከለክላል። ከደንቡም ባሻገር ዳቦ የሚያመጣልዎ ሪንግ ቢልድ ጋሎችን ነው፤ ጩኸታቸውና ግርግራቸው በረዶው ላይ ተኝቶ የነበረውን ወፍ ያስነሳብዎታል። የሞተ ወይም የታመመ ጋል ቢያገኙ በእጅዎ አይንኩት፤ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ የወፍ ጉንፋን በካናዳ የዱር ወፎች ላይ አለ። ለፎቶ ብለውም በረዶው ላይ አይውጡ። ማዕበል ዳርቻው ላይ የሚገነባው በረዶ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ባቱ ነው። በጥር ወር ዝዋይ ሐይቅ ጀልባ መቆሚያው ላይ ግራጫ ጭንቅላት ካላቸው ጋሎች መካከል ጭንቅላቱ ነጭ የሆነ አንድ አየሁ። ከሰሜን ዋልታ የመጣ ይሆን?

መልስ፦ ከሩቅ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ያነሳናቸው ነጭ ክንፍ ያላቸው ጋሎች ግን ወደዚህ አይመጡም። የክንፉን ጫፍ ካዩ ጥቁር ሳያገኙበት አይቀሩም።

ዝዋይ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ግራጫ ጭንቅላት ያለው ጋል ነው። የመራቢያ ጊዜው ሲያልፍ የጭንቅላቱ ግራጫ ፈዝዞ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እሱ ራሱ መሆን አለበት። ዐይኑ ፈዛዛ፣ መንቁሩና እግሩ ቀይ ነው። ሲበር ከክንፉ በታች በጣም ጠቆር ያለ ግራጫ ይታያል፤ በክንፉ ጥቁር ጫፍ ውስጥ ደግሞ ነጭ መስኮቶች አሉ።

ዐይኑ ጥቁር ሆኖ ከኋላው ጆሮው አካባቢ አንድ ጥቁር ነጥብ ካለ ከአውሮፓና ከእስያ ለበጋው የሚመጣው ጥቁር ጭንቅላት ጋል ነው፤ በጥር ጥቁሩ ጭንቅላት ስለሌለው ስሙ ያሳስታል። ሲበር የክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ረጅም ነጭ ሽብልቅ ይታያል። ያው ነጭ ሽብልቅ ኖሮት ጭንቅላቱ ያለ ነጥብ ነጭ፣ አንገቱ ረጅም፣ መንቁሩም ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቀጭን መንቁር ጋልን ይጠርጥሩ፤ እሱን ለማረጋገጥ ፎቶ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚገዝፍ፣ እግሩ ቢጫ፣ መንቁሩ ቢጫ ሆኖ ጫፉ አጠገብ ጥቁር ቀለበት ያለው፣ በዐይኑ ዙሪያም ጥቁር ጥላ ያለበት ከሆነ ፓላስ ጋል ነው።

እነዚህ ሁሉ ካልገጠሙ ጋል መሆኑን ራሱን ይመርምሩ። ጋል መንቁር ተርን የሚባለው ወፍ በጥር ከዐይኑ ኋላ ካለች ጥቁር ጥላ በቀር ከሩቅ ነጭ በነጭ ነው። መንቁሩ ወፍራምና ሙሉ ጥቁር፣ ክንፉ ረጅምና ሹል ነው። ሲበር ቀስ ብሎ እየቃኘ ከውኃው ወይም ከዳር ሣሩ ላይ ነፍሳት ለመልቀም ዝቅ ይላል፤ ዓሣ ማጽጃው ዙሪያ ከጋሎቹ ጋር ለአንጀት አይሻማም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ጋል እግሩ ላይ ቀለበት አየሁ። ለማን ይነገራል?

መልስ፦ የብረቱ ቀለበት ላይ ቁጥር አለ፤ ባለቀለሙ ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚነበቡ ፊደላትና ቁጥሮች። የትኛው እግር ላይ እንዳለ፣ የቀለበቱን ቀለም፣ የጽሑፉን ቀለምና ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ያነበቡት መሆኑን ይጻፉ። ቀለበቱን ከአንድ ጎን ብቻ ካነበቡ ግማሹ ሊያመልጥ ስለሚችል ወፉ እስኪዞር ይጠብቁ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ካዩት ካናዳና አሜሪካ በጋራ ለሚያስተዳድሩት የወፍ ቀለበት ፕሮግራም በኢንተርኔት ቅጽ ያሳውቁ፤ ቀለበቱ የት፣ መቼና በስንት ዓመቱ እንደታሰረለት የሚገልጽ መልስ ይልኩልዎታል።